«የሸጠ ሁሉ የሸሸ ነው»? ማን አለ?

የሄርማታው፦ ሰሞኑን እዚሁ ጅማ አንድ አማካሪ ሆቴል ለመግዛት ላሰቡ ቡና ነጋዴዎች የአንድ የአሜሪካ ሆቴል ብራንድ የፍራንቻይዝ መግለጫ ሰነድ (ብራንዱ በስሙ ሊሠሩ ለሚፈልጉ ባለሀብቶች የሚሰጠውን) ዘርግቶ «ስንቱ ባለቤት እንደተቀያየረ እዩት፤ የሸጠ ሁሉ የሸሸ ነው» አላቸው አሉ። የሰነዱን ክፍል 20፣ ስንት ሆቴል እንደተሸጠና እንደወጣ በሰንጠረዥ የሚያሳየውን፣ ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። ሁለተኛው ሰንጠረዥ የሦስት ዓመት የባለቤትነት ዝውውር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ውሉ የተቋረጠበትን፣ ያልታደሰለትን፣ ብራንዱ መልሶ የወሰደውንና በሌላ ምክንያት ሥራ ያቆመውን ለየብቻ ይቆጥራል። የሸሸው እዚያ ነው የሚገኘው።

አወቱ ማዶ፦ ወረቀቱ ላይማ ልክ ነህ። ግን የከሰረ ባለቤት ሆቴሉ ሳይዘጋ በፊት ነው የሚሸጠው። ታፔላው ስላልወረደ ሦስተኛው ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ታያለህ። «ሁሉ» ባይሆን እንኳ ግማሹ ሸሽቷል።

ሒሳብ ሠሪው፦ «ግማሹ» ደግሞ ከየት መጣ? 400 ሆቴል ያለው ብራንድ 40 ዝውውር ቢያሳይ 10 በመቶ ነው። ከ40ው 30ውን አንድ ኩባንያ በአንድ ፊርማ ሸጦት ቢሆንስ? ሰንጠረዡ በየግዛቱ የተከፈለው ለዚህ ይጠቅማል። ቁጥሩ በአንድ ዓመት ብቻ ዘሎ ከተመለሰ የጅምላ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም ዓመት እየጨመረ ከሄደ ያኔ ተጠራጠር።

አወቱ ማዶ፦ ተጠራጥሬስ? ቁጥር አፍ የለው።

ሒሳብ ሠሪው፦ ሰው ግን አፍ አለው። ባለፈው የበጀት ዓመት ከብራንዱ የወጡት ስማቸውና ስልካቸው ከሰነዱ ጋር ይያያዛል። ሰነዱም ከፊርማ ቢያንስ 14 ቀን በፊት እጅህ መግባት አለበት። ደውል። ዝም የሚያሰኝ ውል የፈረሙ ካሉም ሰነዱ መግለጽ ግዴታው ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ሁላችሁም ፒአይፒን፣ ብራንዱ የሚያዝዘውን የእድሳት ዝርዝር፣ ረሳችሁት። ሕንጻውን ስትገዛ ብራንዱ አብሮ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያና አዲስ ውል ይጠይቁሃል፤ ከዚያ ባለሙያ ልከው የእድሳት ዝርዝር ያወጡብሃል። ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ የካርድ ቁልፍ፣ የእሳት ማንቂያ፣ ሻጩ ለዓመታት «ለከርሞ» እያለ ያሳደረው ሁሉ አንተ ላይ ይወድቃል። ዝርዝሩ ሳይወጣ በዋጋ ተስማምተህ ቀብድ ከከፈልክ አለቀልህ። ውል ሲታደስም ያው ዝርዝር ስለሚመጣ፣ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው የሚሸጥ ሰው ምን እየሸሸ እንደሆነ ገምት።

አወቱ ማዶ፦ ይኸው! «እየሸሸ» አልክ!

ፈረንጅ አራዳ፦ እድሳቱን አልኩ እንጂ ብራንዱን አላልኩም። ቃል አትልቀም።

የሄርማታው፦ የሞተም ይሸጣል፣ ከሸሪኩ የተጣላም ይሸጣል፣ ያተረፈም ይሸጣል።

ቡና ላኪ፦ አቦ፣ አሜሪካን ተዉት! እዚህ አገር ማን ክፍል 20 ይሰጥሃል? ያንን ሰነድ እንዲሰጥህ የሚያስገድድ ሕግ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ስም የለጠፉትም ስንቱ ፍራንቻይዝ ሳይሆን የማኔጅመንት ውል ነው። ሒልተንን እዩ፦ ንብረቱ የመንግሥት፣ አስተዳዳሪው ሒልተን። ጅማ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ የሊዝ ውዝፍ፣ ከመሬት አስተዳደር የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ፣ ባንኩ በመያዣ የያዘው ስንት እንደቀረው።

የሄርማታው፦ ሠራተኛውን ጨምርበት። አዋጅ 1156/2011 የባለቤትነት ዝውውር የሥራ ውልን አያቋርጥም ይላል። «አዲስ ባለቤት ነኝ» ብሎ መበተን የለም።

ቡና ላኪ፦ ሕንጻውን ብቻ ብገዛስ?

የሄርማታው፦ ሆቴሉ ሥራ ላይ እያለ «ሕንጻ ብቻ» ብለህ ፍርድ ቤት ቆመህ ተከራከር፣ እናያለን። ሆቴሉ የተመዘገበበትን ማኅበር ድርሻ ከገዛህ ደግሞ ዕዳው ሁሉ፣ ያልታወቀው ግብር ጭምር፣ አብሮህ ይመጣል።

ሒሳብ ሠሪው፦ ከርዕሳችን ወጣን። ያ አማካሪ ሰነዱን ይዞ የመጣው ሌላ ሆቴል ሊያሻሽጥ አይደል? ብራንድ የሌለውን?

አወቱ ማዶ፦ ቢሆንስ? የተናገረውን ሐሰት አያደርገውም።

ሒሳብ ሠሪው፦ እሺ፣ ያኛው ሆቴል ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ እጅ እንደቀየረ ጠይቅልኝ። እሱም «የሸሸ» ነው ካለ እገዛዋለሁ።