ታስሮ የወጣ ሰው የእህቱን ልጆች ሞግዚት መሆን ይችላል?

አጎት ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ዘንድሮ አረፈች፣ አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። ሁለቱ ልጆች እኔ ጋ ናቸው። በጎረምሳነቴ በድብድብ አንድ ዓመት ታስሬ ነበር፤ አሁን ዘመድ «ወንጀለኛ ሞግዚት አይሆንም» ይለኛል። እውነት ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ቤዛ፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። መታሰርህ ብቻውን በር አይዘጋብህም። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጆቹን ጥቅም ነው፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ይህንኑ ነው የሚለው። ልጅ ላይ ጥቃት መፈጸምና የጎረምሳ ድብድብ አንድ አይደሉም። ግን እንዳትደብቀው! የተቃወመህ ዘመድ ችሎት ላይ ቢያነሳው ይብስብሃል።

ጋሽ ታዴ፦
ልጄ፣ አዳማ ኦሮሚያ ስለሆነች የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የ1992ቱ የፌዴራል ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አያት አሉ? ካሉ ቀድማችሁ ተስማሙ። የወንጀል ሕጉም «መሰየም» የሚለው አለው፦ ቅጣቱን ጨርሶ ለዓመታት በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት ይጠይቃል።

አጎት ከአዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እናቴ አለች፣ አቅሟ ደከመ እንጂ ከኔ ጋር ናት። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።