ተማሪው ለፍቶ መምህሩ ሲያሳትም፦ ስም ወይስ ምስጋና?

ጠያቂዋ፦ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ውስጥ መምህራን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በጥናታቸው ላይ ያሠራሉ። ተማሪው ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ድምፅ ይገለብጣል፣ መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል። ጽሑፉ ሲታተም ግን የመምህሩ ስም ብቻ ይወጣል። ተማሪው ግርጌ ላይ «ለትብብሩ አመሰግናለሁ» ተብሎ ይታለፋል። ልክ ነው?

ሦስተኛ ዓመት፦ የራሴን ልንገራችሁ። ለአንድ ጥናት 14 ቃለ መጠይቅ ገልብጫለሁ። የአንድ ሰዓት ድምፅ አምስት ስድስት ሰዓት ይበላል፤ ያልሠራው አያውቀውም። አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ዝም አሉ። ቅንፍ ከፍቼ «ዝምታ፣ 11 ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። ከዚያ የሌሎቹንም ዝምታ መቁጠር ጀመርኩ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ! ጽሑፉ ሲወጣ «ዝምታ» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ነበር። እኔ የለሁበትም።

የታሪክ መምህር፦ ወንድሜ፣ ያንተስ ያማል። ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን አንይ። በታሪክና በሥነ ጽሑፍ አንድ ጽሑፍ የአንድ ሰው ሙግት ነው። መዝገቡን ከመደርደሪያ ያወረደልኝ ሰውዬም ጸሐፊ ሊባል ነው? ደግሞ ስም ክብር ብቻ አይደለም፤ ነገ ስህተት ቢገኝ መጠየቅም አለ። ይኼን የ20 ዓመት ልጅ ላይ አልጭንም።

ከባዮሎጂ፦ ለማያውቅሽ ታጠኚ! ልጁን ከኃላፊነት ለማዳን ነው ስሙን የምትተወው? የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው። አንደኛ፣ ለጥናቱ ሐሳብ፣ ለመረጃው ወይም ለትንተናው ትልቅ አስተዋጽኦ። ሁለተኛ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ። አራተኛ፣ ተጠያቂነት። እስከዚህ ካንተ ጋር ነው። ግን እዚያው ላይ፣ አንደኛውን ያሟላን ሰው የመጻፍና የማጽደቅ ዕድል ነፍጎ «አላሟላም» ማለት አይቻልም ይላል። ልጁ ረቂቁን አይቶት ያውቃል?

ሦስተኛ ዓመት፦ ታትሞ ነው ያየሁት። እሱንም ጓደኛዬ ልኮልኝ።

የታሪክ መምህር፦ እሱ የሐኪሞች ደንብ ነው። እኛ ጋ አይሠራም።

አራተኛ ዓመት ፊዚክስ፦ እኔ ሁሌ የማስበው ጆስሊን ቤልን ነው። 1967 ላይ የዶክትሬት ተማሪ ሆና፣ ከሬዲዮ ቴሌስኮፑ በሚወጣው ረጅም ወረቀት ላይ ያልተለመደ ጭረት አይታ አልለቅም አለች። ፑልሳር የሚባለው፣ የሬዲዮ ሞገድ በየተወሰነ ጊዜ የሚልክ የኮከብ ዓይነት የተገኘው በዚያ ነው። 1974 ላይ ኖቤሉን አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ ከማርቲን ራይል ጋር ወሰደ። ለእሷ ምንም።

የታሪክ መምህር፦ እሷ ራሷ አልተከፋሁም ብላለች እኮ። ደግሞ የ1968ቱ ጽሑፍ ላይ ስሟ ከሂዊሽ ቀጥሎ ሁለተኛ ሰፍሯል። ያልደረሳት ሽልማቱ ነው።

ከባዮሎጂ፦ በቃ፣ ራስህ መለስከው! እሷ ጽሑፉ ላይ ነበረች። ይኼ ልጅ የሚጠይቀው ኖቤል አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ሃሃሃ። መምህር፣ እዚህ ላይ ተይዘዋል።

የታሪክ መምህር፦ እሺ፣ ይቺን ልቀበል። ግን መስመሩ የቱ ጋ ነው? 14 ቃለ መጠይቅ ገልብጦ ምንም ያላስተዋለውስ?

ከባዮሎጂ፦ እሱን ማመስገን ይበቃል፤ ብር ከተከፈለው ደግሞ የተሻለ። ብዙ ጆርናሎች አሁን ማን ምን እንደሠራ በ14 የሥራ ዓይነት ያስመዘግባሉ። ዳታ ማሰባሰብ ለብቻ፣ ትንተና ለብቻ፣ ጽሕፈት ለብቻ። ዝምታውን ያየው ሰው ግን የተነተነ ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦ እኔ እኮ መጀመሪያ ቀን ቢነገረኝ ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር። «ስምህ አይወጣም፣ ልምድ ታገኛለህ» ቢሉኝ ምናልባት እሺ እል ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ። ማስተርስ ሳመለክት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ያው ያሠራኝ መምህር ነው፤ እንዴት ብዬ?

የታሪክ መምህር፦ አሁን አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ተማሪዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለዚህ ነገር አንስቼላቸው አላውቅም።

ሦስተኛ ዓመት፦ መምህር፣ እነሱ እስኪጠይቁ አይጠብቁ። አይጠይቁም።