አይሲኤ የዓይን ርግብታን ሲጠርግ ቀርፋፋውን የአንጎል ሞገድም ቀነሰብኝ

ከ18 ሰዎች የተቀዳ የኢኢጂ (ከራስ ቅል ላይ የሚለካ የአንጎል ኤሌክትሪክ) መረጃ ይዣለሁ፤ 64 ኤሌክትሮዶች፣ በሰከንድ 500 ናሙና፣ ማጣቀሻው ከሁለቱ ጆሮዎች ጀርባ። ተሳታፊው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል፤ ከ3 ሰከንድ በኋላ መብራት ሲበራ ቁልፍ ይጫናል። የምፈልገው በመካከሉ ቀስ እያለ ወደ አሉታዊ የሚሄደውን የጥበቃ ሞገድ ነው፤ ግሬይ ዋልተርና ባልደረቦቹ በ1964 የገለጹትን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ አይሲኤውን (የተደባለቀውን ምልክት ነጻ ምንጮች ወደሆኑ ክፍልፋዮች የሚለይ ስልት) ከ0.05 ሄርዝ በላይ በተጣራው መረጃ ላይ አስኬድኩት። ከላብ የሚመጣው ቀርፋፋ መንሸራተት የክፍልፋዮቹን ግማሽ ወረሰ። ቀጥሎ የተለመደውን ምክር ተከተልኩ፦ የመረጃውን ቅጂ ከ1 ሄርዝ በላይ አጣርቼ ኢንፎማክስን (አንዱን የአይሲኤ ዓይነት) በዚያ ላይ አሠለጠንኩ፤ ክፍልፋዮቹን የሚለየውን ያገኘሁትን ክብደት ወደ 0.05 ሄርዙ መረጃ መለስኩ። ርግብታው ድራሹ ጠፋ። ነገር ግን በራስ ቅል አናት ላይ ባለው ኤሌክትሮድ 8 ማይክሮቮልት ገደማ የነበረው ሞገድ ወደ 3 ወረደ።

ያወጣሁት አንድ ክፍልፋይ ብቻ ነው። ካርታው ግንባር ላይ ያረፈ፣ የዓይን መልክ ያለው ነው፤ አማካዩን ስስለው ግን በ3ቱ ሰከንድ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ወጣ። እርግጥ ነው፣ ተሳታፊው እየጠበቀ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወደ ታች ቢያወርድም ግንባር ላይ ያው አሉታዊ ቁልቁለት ይታያል። በሌላ በኩል የ1 ሄርዝ ማጣሪያው የምፈልገውን ሞገድ ስላስወገደው፣ አይሲኤው ያላየውን ነገር እንዴት ለብቻው ሊለይልኝ ይችላል? ከዓይን በላይና በታች የተቀዳ ቻናልም አለኝ።

በዚህ ክፍልፋይ ውስጥ ያለው ቁልቁለት የዓይን መሆኑን ወይም ከአንጎል የገባ መሆኑን፣ ክፍልፋዩን ከማውጣቴ በፊት በምን ላረጋግጥ?