የጨረቃ ጉድጓዶች ለምን ክብ ሆኑ?

የሱሉልታው መምህር፦
ሰላም። ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የጨረቃን ጉድጓዶች አፈጣጠር በዱቄት ማሳየት ፈልጌ ነበር። ብይ ከላይ ሲለቀቅ ክብ ይወጣል፤ በአግድም ሲወረወር ግን ሞላላ ይሆናል። የሰማይ አለት ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው፤ ታዲያ የጨረቃዎቹ ለምን ክብ ሆኑ? ብዩን ሳወጣ ደግሞ ጠርዙ ይፈርሳል።

ሰማይ ጠቀስ፦
ነገሩ ፍጥነት ነው መምህር። ከ2 ሜትር የተለቀቀ ብይ ዱቄቱን በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ይመታዋል፤ ገፍቶ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። ጨረቃን የሚመታው አለት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚምዘገዘገው። በዚህ ፍጥነት የአንድ ኪሎ ድንጋይ ጉልበት ከ40 ኪሎ ግራም ቲኤንቲ ፈንጂ ይበልጣል። አለቱ ራሱ ቀልጦና ተኖ ይጠፋል፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው ከዚያች ነጥብ በየአቅጣጫው የሚሰራጨው የግፊት ሞገድ ነው። ክብ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ስፋቱም የአለቱን ከ10 እስከ 20 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሞላላ የሚወጣው አለቱ ከ15 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን መሬቱን ታክኮ ሲመጣ ነው፤ ሜሲየር የሚባለውን የጨረቃ ጉድጓድ ይመልከቱ።

ኩሽኔታ፦
በብዩ ፋንታ የኩሽኔታ ኳስ ይጠቀሙ፤ በማግኔት ቀጥ አድርገው ሲያነሱት ጠርዙ አይነካም። ሳህኑ 10 ሴንቲ ሜትር ካልጠለቀ ኳሱ ከታች ነጥሮ ጉድጓዱን ያበላሸዋል። ከስር የተነፋ ደረቅ አሸዋ፣ ከላዩ 1 ሴንቲ ሜትር ዱቄት፣ መጨረሻ ላይ የተፈጨ ቡና ስስ አድርገው ይንፉበት። ነጩ ዱቄት ጥቁሩ ላይ ሲረጭ የጨረራ መስመሮቹ (ከጉድጓዱ ተረጭተው ዙሪያውን የሚዘረጉት ነጫጭ መስመሮች) ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ክረምት ላይ አሸዋው ይረጥባል፣ ምጣድ ላይ አመስ ያድርጉት። ዱቄቱንም አይጠቅጥቁት፣ ይሰነጠቃል። በርበሬና ኖራ ግን ለዓይን አደገኛ ናቸው፣ አይሞከሩ።

ሰማይ ጠቀስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አሸዋው የሚያሳየው ትንንሾቹን ብቻ ነው፤ እነሱ ጥልቀታቸው የስፋታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስፋቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ግድግዳው እርከን እየሠራ ይናዳል፣ ወለሉም ወደ ላይ ተመልሶ መሃል ላይ ተራራ ያወጣል። ኮፐርኒከስ የሚባለው ጉድጓድ 93 ኪሎ ሜትር ሰፍቶ ጥልቀቱ 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጨረቃ በተወለደች በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን በትንሽ ቴሌስኮፕ አሳዩዋቸው፤ የከተማው መብራት ለጨረቃ እንቅፋት አይሆንም። ሙሉ ጨረቃ ላይ ጥላ ስለሌለ ጉድጓዱ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ታይኮ የሚባለው ጉድጓድ ጨረራ ግን ያኔ ነው የሚያምረው።

የሱሉልታው መምህር፦
የአግድሙን ውርወራ ልተወው እንግዲህ?

ኩሽኔታ፦
አይተዉት። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ቅርጹን ይገምቱ፣ ከዚያ ወርውረው የሜሲየርን ፎቶ አጠገቡ ያስቀምጡላቸው።