ካፌው ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? ኮሌጁ ሲያድግ ወጥ ቤቱ የት ቀረ

መነሻ ጥያቄ፦ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአሥር ዓመት ውስጥ ትንንሽ ኮሌጆች ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክና መምህራን ኮሌጁ በ1992 ተዋሐዱ፤ የጎንደሩ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በ1996 ተከተለ። ለጥቂት መቶ ልጅ የታሰበ ግቢ ሺዎችን ተቀበለ። ያኔ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም አልበረደም፦ የግቢ ምግብ ቤት (ካፌ) ተዘግቶ ሁሉም ነን-ካፌ ይሁን፣ ማለትም የምግቡ ብር በእጁ ይሰጠውና ራሱ ገዝቶ ይብላ? ወይስ ካፌው ይቀጥል? አራት ሰዎች በቅጽል ስማቸው ይከራከራሉ።

ግዢ ክፍል፦ ይዘጋ። ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው 15 ብር ለዓመታት አልተነቃነቀም፤ ኋላ 22 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ 100። ጨረታው ግን ዋጋውን ለዓመት ያስራል። በጥቅምት ዋጋ ያሸነፈ ነጋዴ ጤፍ ግንቦት ላይ ሲወደድበት ወይ ውል ያፈርሳል ወይ ጥራት ያወርዳል። ውል ማፍረስ ማስያዣውን ያስበላዋል፣ ስለዚህ ጥራቱን ያወርዳል። እንጀራው ሩዝ ይበዛበታል፣ ሽሮው ይቀጥናል። ተማሪው በወጪ መጋራት ውሉ የፈረመው ግን ለምግቡና ለመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ለትምህርቱ ደግሞ 15 በመቶ ነው። ቀጭኑን በልቶ የወፍራሙን ዕዳ ይከፍላል።

ሦስት ፌዝ፦ ስለ ጨረታው አልከራከርህም። እኔ የምለው ከምጣዱ እንጀምር ነው። 2,000 ተማሪ ምሳና እራት አንድ አንድ ቢበላ 4,000 እንጀራ ነው። ከኪሎ ዱቄት አራት ቢወጣ በቀን 10 ኩንታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 20 ያህል ይጋግራል፤ 20 ምጣድ ቢደረደር ሳያርፍ 10 ሰዓት። አንዱ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ ሃያው አንድ ላይ ከ70 እስከ 80። ለ300 ልጅ ግቢ የተተከለ ትራንስፎርመር ይህን ከዶርሙና ከቤተ ሙከራው ጋር ከየት አምጥቶ ይችላል? ምጣዶቹ በሦስቱ ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ በሚወጡት ሦስት የኃይል መስመሮች) እኩል ካልተከፋፈሉ የተጫነው መስመር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ምጣዱ ለብ ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሰው ሁሉ አቡኪዋን ይወቅሳል። መብራት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ሊጡ አልፎበት ይኮመጥጣል፤ በማግስቱ ግማሹ ትሪ ላይ ተትቶ ይመለሳል።

ጣና ዳር፦ ይዘጋ የምትሉ ስለ ከተማው ምንም አላላችሁም። 5,000 ልጅ ብር ይዞ በአንድ ጊዜ ወደ ትንሽ ከተማ ሲወጣ የሽሮ ዋጋ ባለበት ይቆያል? የነን-ካፌ ክፍያ ሲዘገይስ የገጠር ልጅ በዱቤ ይበላል፤ ባለ ሱቁም ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጽፍበታል። ሴቶቹን አስቡ፦ ላብራቶሪ አምሽታ የወጣች ልጅ እራቷን ፍለጋ ከግቢ ትውጣ? በሩ በሰዓቱ ይዘጋል። ቀጭኑ ሽሮ ቢያንስ ከዶርሟ መቶ እርምጃ ላይ ነው።

መዝገብ ቤት፦ ሁላችሁም የተመጋቢውን ቆጠራ ዘላችሁታል። በሴሚስተሩ መካከል ካፌ ይበላ የነበረው የነን-ካፌ ቅጽ ሲሞላ ስሙ ከወጥ ቤቱ ዝርዝር ሳይወጣ ይከርማል። ለሌለ ሰው ይበስላል፤ ትርፉ በጓሮ በር ይወጣል። በፊት ለፊት በር ደግሞ ነን-ካፌው የጓደኛውን ሚል ካርድ (የምግብ መታወቂያ) ይዞ ይገባል፣ ቲከሩ (በር ላይ ካርድ የሚያየው) በግፊያው መካከል ፊት አያይም። ምርጫው በምዝገባ ቀን ይዘጋ፣ ካርዱ ፎቶ ይኑረው፣ የምሳው ቆጠራ የእራቱ ሊጥ ሳይለካ ለወጥ ቤት ይድረስ። ይህ ሳይሆን ካፌ ይዘጋ ማለት ሌባውን ትቶ ቤቱን ማፍረስ ነው።

ግዢ ክፍል፦ ቆጠራውን እቀበላለሁ። ግን ቆጠራ ጤፍ አያረክስም። ካልተዘጋ እንግዲህ እህሉ ከገበሬዎች ዩኒየን በቀጥታ ይገዛ፣ ዋጋውም በየሦስት ወሩ ይከለስ።

ሦስት ፌዝ፦ እስማማለሁ። እንጀራው ግን ከግቢ ይውጣ። ወጡ ውስጥ ይሠራ፣ እንጀራውን በከተማው የተደራጁ ሴቶች ይጋግሩ፤ አሥር ማኅበር በቀን 400 ቢያመጣ 4,000 ይሞላል። ጭነቱ በብዙ ትራንስፎርመር ላይ ይበተናል፤ አንድ ሰፈር ቢጨልም የሚጎድለው 400 ነው፣ እራት አይቀርም።

ጣና ዳር፦ ጥሩ፣ ግን በቁጥር ከተረከባችሁ በሁለት ሳምንት ወረቀት ይሆንላችኋል።

ሦስት ፌዝ፦ በኪሎ ነዋ። በ50 እንጀራ ትንሹ ክብደት ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ የጎደለ ይመለስ።

ጣና ዳር፦ ሚዛኑን ማን ይይዛል?

መዝገብ ቤት፦ ከተማሪዎች ኅብረት አንድ፣ ከምግብ ቤቱ አንድ። በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ከግዢ ክፍል ማንም አይቁም፤ ወንድሜ አይቀየምና።