የ686 ሽጉጤ የፊት ማነጣጠሪያ አይታየኝም፤ ልቀይረው ወይስ ይቅር?

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)
ሰላም ወንድሞች። ያገለገለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 ገዛሁ፤ ስድስት ጎራሽ፣ አፈሙዙ 4 ኢንች። ብረቱ ደህና ነው፣ ምላጩም ቅቤ ነው። ያስቸገረኝ የፊቱ ማነጣጠሪያ ነው። ቀዩ ፕላስቲክ ደብዝዟል፣ ጥቁር ኢላማ ላይ ሳሳርፈው ድራሹ ይጠፋል። 52 ዓመቴ ነው፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። በዚያ ላይ በ15 ሜትር 10 ሴንቲ ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ፋይበር ኦፕቲክ (ብርሃን ስቦ የሚደምቅ ቀጭን ዘንግ) ልግጠምበት ወይስ ትሪቲየም (በራሱ የሚያበራ ጋዝ ያለበት)? ቤት ውስጥ ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ሞርሳ
ጋሼ፣ መጀመሪያ ሲሊንደሩን (ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ) ከፍተው ስድስቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ ማነጣጠሪያውን ከጎን ይዩት። ትንሽ የፒን ጫፍ ካለ ይነቀላል። ከሌለ ከአፈሙዙ ጋር አንድ ብረት ሊሆን ስለሚችል አይነካኩት፣ ለባለሙያ ይስጡት። ፒኑን በምስማር መትቶ ለማውጣት የሞከረ ሰው አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ፤ ምስማሩ ተንሸራቶ አፈሙዙ ላይ የተወው ጭረት እስከ ዛሬ አለ። ልኩ የሆነ ፒን ማስወጫ ይግዙ፣ ሞርሳው ላይም ወፍራም ጨርቅ ያድርጉ። አዲሱ ማነጣጠሪያ አንዳንዴ የፒን ቀዳዳው ሳይበሳ ስለሚመጣ ሲያዙ ይጠይቁ። ሽጉጡ ሩገር ጂፒ100 ቢሆን ኖሮ ከፊት ያለችውን ባለ ስፕሪንግ ፒን ጫን አድርጎ ማውጣት ብቻ ነበር።
ትሪቲየም በጨለማም ያበራል፤ ግን በ12 ዓመት ገደማ ድምቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ያገለገለ እንዳይገዙ። ቀን ቀን ተኩስ መለማመጃ ለሚሄድ ሰው ፋይበሩ ይበቃል።

የዴንቨሩ
ቆይ፣ ዝቅ ማለቱን ሳይፈቱ ምንም አይግዙ። የፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጥይቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚመታው፤ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 15 ሴንቲ ገደማ ስላለ፣ በ15 ሜትር 10 ሴንቲ ማለት ማነጣጠሪያው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የኋላውን በካቻቢቴ ከፍ በማድረግ ያገኙታል። ምን ጥይት ነው የሚተኩሱት? ቀላሉ ባለ 125 ግሬን (የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) ብዙ ጊዜ ከከባዱ ባለ 158 ዝቅ ብሎ ይመታል።

ኩቴክስ
እኔ ነጭ ኩቴክስ፣ በላዩ ብርቱካናማ ቀባሁ። መጀመሪያ በአልኮል ጥረጉት፣ አለዚያ ይላጣል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልለቀቀም።
ግን ጋሼ አይቀየሙኝና፣ ዝቅታው ከእጅዎ ቢሆንስ? ጓደኛዎ ከጥይቶቹ መካከል ሁለት ባዶ ቀለሃ ይክተትልዎ፣ የት እንዳሉ አይንገርዎ። ባዶው ላይ ሲደርሱ አፈሙዙ ወደ ታች ከነቀነቀ፣ ድምፁን ፈርተው ቀድመው እየገፉት ነው።

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)
ኧረ ጉድ ነው። ባለቤቴ ቀለሃ ስትከትልኝ ፊቴን አዙሬ ጠበቅሁ፤ ባዶው ላይ አፈሙዙ እንደ ዶሮ ምንቃር ወደ ታች ጠቅ አለ፣ እሷም ሳቀችብኝ። ኃይለኛውን የ357 ጥይት ትቼ ለስለስ ባለው 38 ስፔሻል ቀስ ብዬ ስተኩስ ወደ መሃል ገባ። ፒኑ ከጎን ይታያል፣ ፋይበሩን ግን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የልጄን ብርቱካናማ ኩቴክስ ወስጃለሁ፣ እስካሁን አልነገርኳትም።