ጎመን እየበላሁ ቫይታሚን ኬ እንዴት ያንሰኛል?

ጥያቄ (ነፍሰ ጡር፣ ከደብረ ብርሃን)
ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሌሊት ሌሊት መዳፌንና የእግሬን ውስጥ እንቅልፍ እስካጣ ድረስ ያሳክከኛል፤ ሽፍታ ግን የለኝም። በምርመራ የጉበት ኢንዛይሜ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ በእርግዝና ምክንያት የሐሞት ፍሰት ሲታወክ የሚመጣ ነው፣ ቫይታሚን ኬም ሊያንስሽ ይችላል አለኝ፤ ወረፋው በዝቶ ስለነበር ብዙ አላብራራልኝም። ጎመን በየቀኑ እበላለሁ፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒንም አላቋርጥም። አማቴ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ብለው ሥር ቀጥቅጠው ሊያጠጡኝ ነው።

አዋላጅ ነርስ
እህቴ፣ ያ ኪኒን ቫይታሚን ኬ የለውም። ጎመኑ አለው፤ ነገር ግን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ ስለሆኑ ወደ ሰውነት የሚገቡት ሐሞት አንጀት ሲደርስ ነው። ሐሞቱ ካነሰ የበላሽው ጎመን አብዛኛው ጥቅም ሳይሰጥ ያልፋል። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነውና ጉድለቱ የሚያሰጋው በወሊድ ጊዜ ደም እንዳይበዛ ነው። ሁሉም ሴት ላይ አይደርስም። ሰገራሽ ነጣ ብሎ ቅባት ከበዛው፣ ድድሽ ወይም አፍንጫሽ ከደማ ግን ዛሬውኑ ተናገሪ። ፒቲ ወይም አይኤንአር የሚባለውን የደም መርጋት ምርመራ ጠይቂ፤ ደምሽ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ ከረዘመ ቫይታሚን ኬ በመርፌ ይሰጥሻል፣ መርፌ አንጀትን አይጠብቅም።
አማትሽን በትሕትና እምቢ በያቸው። ጉበት ታውኮ ሳለ መጠኑ ያልታወቀ ሥር መጠጣት አደጋ ነው።

አንዲት እናት
እኔ የከብት ጉበት ብዪ ተብዬ ነበር፤ ቫይታሚን አለው ሲሉኝ።

ፋርማሲስት
ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው፤ ኤ ደግሞ ሲበዛ ለጽንስም ለጉበትም ጎጂ ነው። በራስዎ ገዝተው ምንም አይጨምሩ። ለማሳከኩ የሚታዘዘው ኡርሶ ቫይታሚን አያጎድልም፤ ኮሌስታይራሚን የሚባለው ሌላው የማሳከክ መድኃኒት የታዘዘልዎ ከሆነ ግን የቫይታሚን ኬን ጉድለት ስለሚያባብስ ለሐኪምዎ ያስታውሱ።

አዋላጅ ነርስ
አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከቫይታሚኑ ይበልጣል። በደም ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ መጠን የሚለካበት ቦታ ካለ አስለኪ፤ 100 ማይክሮሞል በሊትር ሲደርስ ሕፃኑ በማኅፀን የመሞት ስጋቱ ይጨምራል፣ ሐኪሞችም ወሊዱን ያፋጥናሉ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፒቲዬ ረዝሞ ስለተገኘ መርፌውን ወስጃለሁ። ሕፃኑስ?

አዋላጅ ነርስ
እንደ ተወለደ ጭኑ ላይ ቫይታሚን ኬ ይወጋል፤ ለማንኛውም ሕፃን የሚሰጥ ነው፣ እንዳይረሳ ጠይቂ። ማሳከኩ ከወለድሽ በኋላ ይለቅሻል። በሚቀጥለው እርግዝና ብዙ ጊዜ ይመለሳልና ገና በመጀመሪያው ክትትል ተናገሪ።